ፓምፑና ማራገቢያው በአንድ ቺንጋ

ይድረስ፣ ውሃ የሚጠጣ ማሽን ጥሎብኝ ለሄደው ለመጨረሻው ልጄ።

ለመሆኑ እንዴት ነህ? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲመጣ የሚነሳብህ ሳል ተወህ ወይ? ቤቱስ ይሞቃል? ምሳህን ቁጭ ብለህ ትበላለህ ወይስ እንደ ልማድህ ቆመህ ዳቦ ገምጠህ ትሮጣለህ? አለቃህስ? ያ ሲስቅ ስልኩን የሚሰነጥቀው ጓደኛህስ ደህና ነው? እኔ ከጉልበቴ በቀር አምላክ ይመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴንም ቢሆን ያሳመመው ደረጃው ነው እንጂ እርጅና አይደለም። እህትህ ደህና ናት። ልጇ ድንቡሼም ደህና ነው፤ ጉንጩ አንገቱን ሸፍኖ ሊጨርስ ነው።

ፊደሌ እንደ ሰከረ ሰው ቢንገዳገድ አትሳቅ። እህትህ እኔ ልጻፍልህ ብላ ነበር፣ እምቢ አልኳት። እሷ ከጻፈችው የእሷ ነገር ይሆናል። በስልክም መንገሩን አልፈለግኩም፤ በስልክ ሁለታችሁም ቃሉን ከአፌ ትነጥቁኛላችሁ። አሁን ወደ እናንተ የሚመጣ ሰው ስለተገኘ አርፈህ እስከ መጨረሻው አንብበኝ። «ማሽኑ እሁድ ለምን ያን ያህል ጋለ?» ብለህ የላክኸውን እህትህ አንብባልኛለች። «አባዬ ራሱ ይጽፍልሃል በይው» ያልኳት እኔ ነኝ።

ያንን የሕንፃ ሥዕል ሥራ ከዚያ ሆነህ ካዘዝከው ጀምሮ ማሽኑ፣ ያ ኮምፒውተርህ፣ ሌትም ቀንም ይጮህ ነበር። ሥዕሉን ሁሉ ገጣጥሞ እንደ ፊልም እስኪያንቀሳቅሰው ድረስ መቆም የለበትም፣ ከቆመ እንደ አዲስ ይጀምራል፣ ቀጠሮው ካለፈ ደግሞ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል ብለኸኛል። ገብቶኛል። ግን የቆመው ከእናትህ ቁም ሣጥን ጎን ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ የድንቡሼ አልጋ አለ። የሚያቀዘቅዙት ማራገቢያዎች ሲነሱ ዳገት ላይ ያቃተው መኪና ይመስላሉ። ልጁ ዓይኑን ሊከድን ሲል ብድግ ይላሉ፣ እሱም አብሮ ብድግ ይላል። እህትህ እንቅልፍ አጥታ ዓይኗ ጎድጉዶ ነበር። ዓርብ ዕለት ሻንጣዋን ሞልታ ከበሩ ጀርባ አቆመችው። «አባዬ፣ እስከ እሁድ ማታ ይሄ ነገር ዝም ካላለ እኔና ልጄ ወደ ቤታችን ነን» አለችኝ። ባሏ ከሥራ ቦታው እስኪመለስ እዚያ ቤት ማንም የላት፤ ከወሊዱም ገና ጎኗ አልጠናም። ቢሆንም እህትህ የእናቷ ልጅ ናት፣ አንዴ ካለች አለች ነው። እንግዲህ ማሽኑን ላጥፋው ብል ያንተን ጉሮሮ መዝጋቴ ነው፤ ልተወው ብል እሷን ከነልጇ ከቤቴ ማስወጣቴ ነው።

የላክኸው የማራገቢያ ፍጥነት መቆጣጠሪያ እንደታሸገ ተቀምጦ ነበር። እንዳልከኝ ጥግ ያለው የኮምፒውተር ጠጋኝ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። «ማክሰኞ መጥቼ እሠራዋለሁ፤ ፋዘር፣ ይሄ የመኪና ራዲያተር አይደለም፣ እንዳይነካኩት» አለኝ። «አንተ ሳትወለድ የፈላ ራዲያተር ከፍቼ ፊቴ ላይ ተቀብያለሁ» አልኩት። «እሱ ነዋ የሚያስፈራኝ!» ብሎ ሳቀብኝ፣ እዚያ የቆሙትም አብረው ሳቁ። ማክሰኞ ደግሞ ከእሁድ በኋላ ነው። እኔም እቃዬን ብብቴ ሥር አድርጌ ቤቴ ገባሁ።

እሁድ ከምሳ በኋላ እህትህ ልጁን ይዛ ጎረቤት ዘንድ ወጣች። ካቻቢቴዬን አወጣሁና የማሽኑን ጎን ከፈትኩ። ልጄ፣ ስከፍተው ምን አየሁ መሰለህ? ራዲያተር አለው፣ ፓምፕ አለው፣ ማራገቢያ አለው፣ ቱቦ አለው። መኪና ነው እኮ! ጎማ ብቻ ነው የጎደለው። ከመቆጣጠሪያው ጋር የመጣውን ወረቀት ማንበብ አልቻልኩም፣ ሥዕሉ ግን ግልጽ ነው። ማራገቢያዎቹን እየሠራም ቢሆን አንድ በአንድ ነቅሎ መቆጣጠሪያው ላይ መሰካት ይቻላል ብለህ ነበርና እንደዚያው አደረግኩ። ፓምፑን ግን አትንካ ብለኸኝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ አልረሳሁትም። ዕድሜዬን ሙሉ በነዳሁት መኪና ፓምፑና ማራገቢያው የሚዞሩት በአንድ ቺንጋ፣ በአንድ የጎማ ቀበቶ ነው። ሞተሩ ሲፈጥን ሁለቱም ይፈጥናሉ፣ ሲያዘግም ሁለቱም ያዘግማሉ። ልጄ ይሄን የት ያውቃል አልኩና የፓምፑን ሽቦ ነቅዬ ከማራገቢያዎቹ ጋር አንድ ላይ ሰካሁት። ከዚያ የመቆጣጠሪያውን ማዞሪያ ቀስ እያልኩ ወደ ታች መለስኩት።

ቤቱ ዝም አለ። የግድግዳው ሰዓት ድምፅ እንዳለው ያን ዕለት አወቅኩ።

እህትህ ስትመለስ በሩ ላይ ቆመች። «አባዬ፣ አጠፋኸው እንዴ?» አለች ደንግጣ። «ነይ እይው፣ እየሠራ ነው» አልኳት። ቴሌቪዥን የመሰለው መስተዋቱ ላይ ሥዕሉ ይንቀሳቀሳል። ልጁን አስተኛችው፣ እሱም ለጥ አለ፤ እሷም ልብሷን ሳታወልቅ አጠገቡ ጋደም አለች። እኔ ወንበሬን ማሽኑ ፊት አድርጌ እግሬን አነባብሬ ተቀመጥኩ። ያንን ጠጋኝ አምጥቼ ባሳየሁት እያልኩ ነበር።

መንገድ ላይ ስቆም ሁልጊዜ የማደርገው ነገር አለ፤ አንተም ሕፃን ሆነህ አይተህኛል። ሁለቱን የራዲያተር ቱቦዎች በመዳፌ እነካለሁ። እጄ ራሱ ለምዶ ሄደ። አንዱ ቱቦ ያቃጥላል። ሌላው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ልጄ፣ ይሄ ማለት ውሃው ቆሟል ማለት ነው፤ ይሄን ሞተር ያቃጠለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። መስተዋቱ ጥግ ላይ ያለው የሙቀት ቁጥር ቀልቷል፣ እያየሁትም ይወጣል። ማራገቢያ በትንሽ ኃይልም ይዞራል፤ ያንተ ፓምፕ ግን ኃይል ሲያንሰው ጭራሽ ይቆማል። ለካ ቺንጋ የለውም።

ባጠፋው ያ ሁሉ ሥራህ ገደል ገባ። ማዞሪያውን ወደ ላይ ብመልሰው ፓምፑ ይነሳል፣ ግን ማራገቢያዎቹም አብረው ይነሳሉ። ከግድግዳው ወዲያ ሁለቱም ተኝተዋል፣ ሻንጣው ከበሩ ጀርባ ነው። ሽቦውን ብቻ ወደ ቦታው ልመልስ ብዬ እጄን ሰደድኩ፤ ጣቴ ወፍራም ነውና አልገባ አለኝ። ቁጥሩ ይወጣል። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ማዞሪያውን እስከ ዳር አዞርኩት።

አገሩ ሁሉ ተነሳ። ድንቡሼ ጮኸ። እህትህ ልጁን ታቅፋ ስትወጣ ፊቷን አይቼ መሬት ብትከፈት እገባ ነበር። «አባዬ፣ ምን አድርገህ ነው?» አለች። «አበላሽቻለሁ» አልኳት። እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ ሰምታ ስለማታውቅ ይመስለኛል፣ አፏን ከፍታ ቀረች። «የወንድምሽን ፓምፕ አላግባብ ሰክቼው ውሃው ቆመ። ጣቴ አይገባም፣ ያንቺ ይገባል» አልኳት።

ልጁን እቅፌ ላይ ጣለችልኝና ተንበረከከች። ያንን ስትሰድበው የከረመችውን ማሽን ሆዱ ውስጥ እጇን ከተተች። «የቱ ነው? ይሄ? ኧረ በደንብ አሳየኝ፣ ደሞ በአገጭህ ነው የምታሳየው?» ትለኛለች። ልጁን ታቅፌ በምን ላሳያት? ነቅላ ከድሮው ቦታው ሰካችው። እኔ በአንድ እጄ ማዞሪያውን ዝቅ አደረግኩ፣ በሌላው ቱቦውን ያዝኩ፤ በክንዶቼ መሃል ያጣበቅኩት ድንቡሼ ደረቴ ላይ ይንፈራገጣል። ማራገቢያዎቹ ዝም አሉ። ፓምፑ ግን ከእጄ ሥር ሲርገበገብ ይሰማኛል። ቀዝቃዛው ቱቦ ለብ አለ። ቁጥሩ ቆመ፣ ከዚያ ወረደ። እህትህ መሬት ላይ እንደተቀመጠች በግንባሯ የእናትህን ቁም ሣጥን ተደግፋ ሳቀች፣ ወይም አለቀሰች፤ ፊቷን አላየሁትም።

ሥራህ ለአፍታም አልተቋረጠም። ጠጋኙ ማክሰኞ መጥቶ አይቶት «ማን ሠራው?» አለኝ። «ልጄ ናት» አልኩት። እንዴት እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልጨመርኩለትም። አንተ ግን ጠይቀሃልና ነገርኩህ። አንተም ከነገርኩህ በኋላ በስልክ አታንሳብኝ። ቱቦዎቹን ጠዋት ጠዋት እየነካሁ ነው፤ ሁለቱም እኩል ለብ ያሉ ናቸው። እህትህ ደግሞ አሁን ድንቡሼን የሚቀሰቅሰው የእኔ ማንኮራፋት ነው ትለኛለች፤ ለአባዬም መቆጣጠሪያ ላክለት ብላሃለች።

ጓደኛህን፣ ያ ሳቁን ቀነስ ያድርግ፣ ሰላም በልልኝ። ቤት ያከራዩህን ሴትዮ ሰላም በልልኝ፤ ማሞቂያውን እንዳያጠፉብህ ባለቤታቸውንም ጨምርልኝ። እህትህ ጉንጭህን ትስምሃለች። ድንቡሼ የደብዳቤውን ጥግ አልሷል፣ ያ እርጥብ ቦታ ሰላምታው ነው።

ልረሳው ነበር። ሻንጣው ዛሬ ከበሩ ጀርባ የለም። የት እንዳደረገችው አልጠየቅኳትም።

አባትህ
ከቤታችን፣ ከማሽኑ ፊት ካለው ወንበር
ሐሙስ፣ ኅዳር ፲፱ ቀን