አራት ንብርብር ለዳበል ውኃ

ይድረስ ለምወድዎ አባቴ፤ ጅማ።

እንደምን ከርመዋል አባዬ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ ክፉ ሳል ለቀቀዎት? እህል ይበላሉ? እኛ ደህና ነን፤ የማይድነው ናፍቆቱ ብቻ ነው። ስልክ ላይ ድምፅዎን ስሰማ እንባ ይቀድመኝና የልቤን ሳልነግርዎ እዘጋዋለሁ። ስለዚህ እኅቴ ፎዚያ ታንብብልዎ ብዬ ጻፍኩ።

ባለፈው ወር፣ ከሞያሌ ወጣ ብሎ ያለው የዳበል መንደር የውኃ ፓምፕ ቆመ። የመንደሩ ሽማግሌ አቶ ዋሪዮ የተቃጠለውን የመቆጣጠሪያ ቦርድ በጨርቅ ጠቅልለው ጥገና ሱቄ ድረስ አመጡልኝ። ዓይነቱ መሠራት ካቆመ ቆይቷል፤ ምትክ የለውም። ሴቶቹ ግማሽ ቀን ተጉዘው ነው ውኃ የሚቀዱት።

እርስዎ ያስተማሩኝ ቦርድ የመዳብ መስመሩ ከላይና ከታች ብቻ ነው፤ ይኸኛው ግን አራት ንብርብር ነው፣ ሁለቱ ውስጥ ተደብቀዋል። እነሱን አይቶ በአዲስ ቦርድ ለመቅዳት አሮጌውን በብርጭቆ ወረቀት እየፋቁ ፎቶ ማንሳት ግድ ነው። ከተፋቀ ደግሞ መመለሻ የለውም። አቶ ዋሪዮ «ብታበላሺውስ?» አሉኝ። «ሌላ ናሙና የለንም» አልኳቸው፤ መዋሸት አልቻልኩም። ቦርዱን ወደ እኔ ገፋ አድርገው «ፋቂው ልጄ፣ አላህ እጅሽን ይባርከው» አሉ።

ፍቄ ፎቶ ያነሳኋቸውን መስመሮች በወረቀት አትሜ፣ መዳብ የለበሱ ሁለት አዲስ ቀጫጭን ቦርዶች ላይ በልብስ ካውያ አሳረፍኩ፤ አሲድ ውስጥ ስነክራቸው ቀለም ያልሸፈነው መዳብ ሟሟ። ሁለቱን ቀጫጭን ቦርዶች ሳጣብቅ ግን የፀጉር ያህል ተንሸራተቱና ቀዳዳዎቹ መስመሩን ሳቱ። የወጥ ቤቱ ወለል ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። እንደ ድሮው ከኋላዬ ቆመው «ቸኮልሽ፣ እንደገና» ቢሉኝ ምን ነበረበት!

እንደገና ጀመርኩ። ባለቤቴ ሊበን፣ ልብስ ሰፊው፣ መርፌዎቹን ሰጠኝ። በአራቱ ማዕዘን ሰክተን ንብርብሩ እንዳይላወስ አደረግን፤ ማጣበቂያው እስኪደርቅም በሁለት ብረት መሐል አጥብቀን አሰርነው። ከዚያ በየቀዳዳው የመዳብ ክር እያሳለፍኩ በየድኩ፤ ከአሮጌው የነቀልኳቸውን ደህና ዕቃዎች መልሼ፣ የተቃጠሉትን ቀየርኩ። ዓይኔ ሦስት ቀን አበጠ።

ዳበል ሄደን ገጠምነው። ፓምፑ አጉረመረመና ዝም አለ። ከዚያ ቧንቧው አየር ተፋ፣ ጭቃ ተፋ፣ ውኃ ሰጠ! ሴቶቹ እልል ሲሉ እኔ ዞር ብዬ ሰው ፈለግሁ። የፈለግሁት እርስዎን ነው አባዬ።

ከተሰደድኩ ስምንት ዓመት ሆነኝ። ከሱቄ ደጃፍ ወዲያ ማዶ አገሬ ይታየኛል፤ በእግር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ግን በስደተኝነት ስለተመዘገብኩ፣ ያለ ወረቀት ብሻገር ወደ ልጄ መመለሻ አጣለሁ ብዬ እየፈራሁ ቀረሁ። አሁን ሄጄ እንድመለስ የሚፈቅድልኝ ወረቀት ደረሰ። ባለፈው ማክሰኞ በእጄ ያዝኩት። ለኢድ እመጣለሁ። እስከዚያ አይድከሙብኝ፣ አደራ።

ፎዚያን ሁለት ጉንጮቿን ይሳሙልኝ፤ ባሏን ኦብሳን ሰላም ይበሉልኝ፤ አይቼው የማላውቀውን ትንሹን ልጃቸውን «አክስት አለችህ» ይበሉት። ሊበን እጅ ይነሳል። ልጄ ሻምሳ «አያቴ ቁመቱ ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፤ መልሱን ይላኩላት።

ልጅዎ ቢፍቱ
ሞያሌ፣ ኬንያ
የካቲት 2 ቀን 2018 ዓ.ም.