ሲጎድል «አልሠራም» ስላለችው ትንሽ ማብሪያ

ለክቡር የተሽከርካሪዎች ጥገና መምሪያ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ የቢሮዎ ማቀዝቀዣ አንድም ቀን እንዳያስቸግርዎ እየተመኘሁ፣ ለጤንነትዎ ያለኝን መልካም ምኞት ከወገቤ ጎንበስ ብዬ አቀርባለሁ። እኔ የኩላሊት እጥበት ታካሚዎችን ከቤታቸው ወደ ሆስፒታል የማመላልስ የሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ ጆሮ ዳባ ልበስ ስላሉኝ፣ አራተኛውን ሕዝብ እንዲያነብልዎ ፈቅጃለሁ።

አንደኛ፦ የመኪናዬ ማቀዝቀዣ (ኤሲ) ጋዝ ያፈሳል፤ ጋዙን እየጨመቀ የሚያዞረው ኮምፕረሰሩ ነው። የኮምፕረሰሩ ዘይት ከጋዙ ጋር አብሮ ስለሚዞር፣ ጋዝ ሲጎድል ኮምፕረሰሩ ደርቆ ይቃጠላል። ይህ እንዳይሆን ፋብሪካው አንዲት ትንሽ ማብሪያ አበጅቶለታል፤ ጋዝ ሲያንስ እያየች ታጠፋዋለች፣ እንደ ደንቡም አጠፋችው። ባለሙያዎችዎ ግን ጥፋቱ የእሷ መሆኑን ደርሰውበት ነቅለው ጣሏትና ሽቦዎቹን በቀጥታ አገናኙ። ለዚህ ፈጣን መፍትሔ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ኮምፕረሰሩ በዘጠነኛው ቀን ተቃጠለ።

ሁለተኛ፦ ጋዙን የሚያፈሰው ቱቦ እንዲጠገን ብጠይቅ፣ ለቱቦ ጥገና የሚሞላ ቅጽ እንደሌለ፣ ለተቃጠለ ኮምፕረሰር ግን እንዳለ በትሕትና ተነገረኝ። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ቅጽ ስላልነበራቸው ይሆናል። እነሆ ሦስት ኮምፕረሰር ተቃጠለ፣ ቱቦው ዛሬም ያፈሳል።

ሦስተኛ፦ ይህን ለመጻፍ እጄ ከብዶኛል። ሁልጊዜ ከኋላዬ የሚቀመጡት ጡረተኛዋ መምህርት፣ ውሃ በሐኪም ልክ ብቻ ስለሚጠጡ፣ ማቀዝቀዣ በሌለው መኪና ሙቀት ጉሮሯቸውን እንኳ ማርጠብ አይችሉም። ባለፈው ማክሰኞ ከእጥበት ስመልሳቸው ወንበራቸው ላይ ራሳቸውን ሳቱ። ሲነቁም እናንተን እንዳላስቸግር ለመኑኝ። ከዚያ ወዲህ መኪናውንም እጥበቱንም ትተዋል። በራቸውን ባንኳኳም አይከፍቱልኝም። ተናድጃለሁ ክቡር ሆይ፣ ተስፋም የለኝም።

መልስ እንደማይሰጡኝ ሙሉ እምነት በማሳደር፣ ከነላቤ እጅ የምነሳ ታዛዥዎ፣
የሰባት ቁጥር ሚኒባስ ሹፌር

ማስታወሻ፦ የተጣለችውን ማብሪያ ከጋራዡ ወለል አንስቼ መሪዬ ፊት አስቀምጫታለሁ፤ ሲጎድል አይታ «አልሠራም» ያለች እሷ ብቻ ናትና። አራተኛው ኮምፕረሰር ዛሬ ጠዋት ያለ ማብሪያ በዚያው በቀጥታ በተገናኘው ሽቦ ተገጥሞልኛል፤ ቅጹንም ፈርሜያለሁ። ከኋላዬ ላለው ባዶ ወንበር የሚሞላ ቅጽ ካለዎት፣ እሱንም ይላኩልኝ።