በስም ፋንታ ምልክት

ሰኞ
ድሬሰሩ፣ የሐኪም ቤቱ አስታማሚ፣ ዛሬም ጣሊያን ጥሎት የሄደውን ባዶ መዝገብ ታቅፎ ጨው ተራ ሱቄ ድረስ መጣ። ሲመጣ ሦስተኛ ጊዜው ነው። ራሳቸውን ሊያጠፉ ሞክረው የተረፉ ወጣቶችን ስም ይፈልጋል፤ ሐኪም ቤቱ በየሳምንቱ ሊጠይቃቸው አስቧል። «አቦይ፣ እርስዎ የማያውቁት ቤት የለም» ይለኛል። አውቃለሁ። አንዱ የራሴ ነው። የወንድሜ ልጅ ለተ ከፋሲካ በፊት ለጥቂት ተረፈች፤ ለጎረቤት ንዳድ ነው አልን። ታጭታለች። ስሟ መዝገብ ላይ ከዋለ ማን ያገባታል? «ሌላ ቀን ና» ብዬ ሸኘሁት።

ማክሰኞ
ለተ ዛሬም እህል አልቀመሰችም። ባለቤቴ እሷን ትጠብቃለች፣ እኔ ሁለቱንም። ደክሞናል። ብቻችንን አንችለውም።
አንድ ነገር መጣልኝ። ከቆላ የሚመጣ ጨው የብዙ ሰው ሆኖ አብሮ ይጫናል። ስም አይጻፍበትም፤ የየባለቤቱ ምልክት ይበቃል። ለድሬሰሩ ነገርኩት፦ ዕድሜና ሰፈር ጻፍ፣ በስም ፋንታ ምልክት፤ የማን እንደሆነ በሆድህ ያዝ።
«ሰው ጨው ሆነ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።
«ጨው እንኳ አደራ ይጠበቅለታል» አልኩት። ተስማማ።

ረቡዕ
አራት ቤት ዞርኩ። ሦስቱ እሺ አሉ። አንዲት እናት በሩን ዘጋችብኝ፤ አልፈርድባትም። የለተን ምልክት ራሴ ሣልኩ፦ ሁለት ጭረት፣ አንድ ክብ።

ሐሙስ
ምን ዓይነት ጅል ነኝ! ሐጎስ፣ የሐኪም ቤቱ መዝገብ ጠባቂ፣ ድሮ ጨው ጫኝ ነበር። ገበያ መሃል ጠጋ ብሎ «አቦይ፣ ጨውዎ ታሟል እንዴ?» አለኝ። እጄ ለምዶ የራሴን የጭነት ምልክት ነው የሣልኩት። ግመል ነጂ ሁሉ የሚያውቀውን!
«ለማን ተናገርክ?»
«ለማንም። የእኔም እህት እዚያው መዝገብ ውስጥ አለች። የእሷን ምልክት ግን አያገኙትም።»
እጁን ጨበጥኩት።

ዓርብ
ሐጎስ ገጹን አቃጥሎ አዲስ ገለበጠ። ለተን «ምልክትሽን አንቺው ሣዪው» ብዬ ወረቀት ሰጠኋት። ሥላ አጠፈችውና ሊጠይቃት ለመጣው ድሬሰር ሰጠችው እንጂ ለእኔ አላሳየችኝም። ሲነጋገሩ በሩ ላይ ልቆም አሰብኩ።
«ሓወቦይ፣ ገበያዎ ይሂዱ እንጂ!» ብላ እኔን አጎቷን አባረረችኝ።
ስትቆጣ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ። ሄድኩ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ አልጠይቅምም። ምሳ ላይ ቂጣ ቆረሰች። ግማሹን ተወችው።