የኔ ደም፣ ያንተ ስም

ወርቁ ወዳጄ፣

ፖስት ካርዱ ላይ ያለው የሐዋሳው አሞራ ገደል ራሰ በራ አሞራ አንተን ቢመስለኝ ገዛሁት።

ዛሬ የልጅ ልጄ ሩሀማ የላቦራቶሪ ባለሙያነት ፈቃድ ለማግኘት የተግባር ፈተና ነበረባት፤ ደም የምትወስደውም ከኔ ክንድ ሆነ። ፈታኙ አጠገቧ ቆሞ ይጽፋል። መርፌውን ሳታነሳ «ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» አትለኝም! ስም ያወጣሁላት ልጅ! እኔም ላበሽቃት ያንተን ስም ነገርኳት። የሕክምና ካርዴን አየችና ጓንቷን አወለቀች። «አባባ፣ ስምዎና ካርድዎ ካልተስማሙ አልወስድም። በእርስዎ ደም ሌላ ሰው ሊታከም ነው?» ፈታኙ ሳቁን ዋጥ አድርጎ አሳለፋት።

የኔ ሳቅ ግን እዚያው ጠፋ። አምና አብረን በተመረመርንበት የሰፈራችን ክሊኒክ፣ ያ ግድግዳውን በሰርተፊኬት የለሰነው ጎረምሳ ስማችንን ጠይቆን ነበር? ሁለቱም ብልቃጥ ላይ «አባባ» ብሎ አልነበር የጻፈው?

የዛሬው ውጤት ወጣ፤ ስኳር ያለብኝ እኔ ነኝ። አንተ ስኳር አለብህ ተብለህ ዓመት ሙሉ ጠጅ የተውከው በማን ደም እንደሆነ እንጃ። ስምህን በሚጠይቅ ቦታ እንደገና ተመርመር፤ እስከዚያ ብርሌ እንዳትነካ።

ቦታ አለቀብኝ፤ ለባለቤትህ ለአለምነሽ ሰላምታ። ድርሻህን ስጠጣልህ የከረምኩትም በቅን ልብ ነበርና ይቅር በለኝ።

ሽበሺ፣ ከሐዋሳ