ከመጽሐፉ ስማቸው የተሰረዘው የወይዘሮ ኦርሶላ ካፑዋኖ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ኦርሶላ ካፑዋኖ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ሳልቫቶሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቪቶሪያ በ1624 በናፖሊ ከተማ፣ ከወደቡ በላይ ባለው ሰፈር ተወለዱ። የሰባት ዓመት ልጅ ሳሉ ከከተማው አጠገብ ያለው የእሳተ ገሞራ ተራራ ፈንድቶ ከተማው አመድ ሲለብስ፣ እናታቸው በቤተ ክርስቲያን ደጅ ለተጠለሉት ልጆች ተረት ይነግሩ ነበር። ወይዘሮ ኦርሶላም ሙያውን የተማሩት ያን ጊዜ ነው። ሙያው ደንብ አለው፤ ተረቱ ከመጀመሩ በፊት ከማን እንደተሰማ፣ ያም ሰው ከማን እንደሰማው በስም ይጠራል። ስም የማይጠራ ተረት ነጋሪ በእኛ ሰፈር ሌባ ነው። ፊደል ግን አልቆጠሩም፤ የዓሣ አጥማጅ ሴት ልጅ ማን ያስተምራል?

በ1643 ጀልባ ጠጋኙን ኒኮሎን አግብተው ሦስት ልጆች ወለዱ። በ1656 ወረርሽኙ ባላቸውንና ሁለት ልጆቻቸውን ሲወስድባቸው፣ የተረፈችላቸውን ካሚላን ይዘው በባለጸጋው በዶን አስካኒዮ ቤት ልብስ አጣቢ ሆኑ።

ዶን አስካኒዮ ሁለት ክረምት ሙሉ ከማጠቢያው ዳር ተቀምጠው ሠላሳ አንድ ተረት ከወይዘሮ ኦርሶላ አፍ እየሰሙ ጻፉ። መጽሐፉ በ1660 ታትሞ አንድ ቅጂ ሲሰጧቸው፣ ወይዘሮ ኦርሶላ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ጌታዬ፣ ስሞቹ አሉበት?»

«አሉበት፤ ሁሉም አለ» አሏቸው።

ዋሿቸው። ወይዘሮ ኦርሶላ ግን አምነው መጽሐፉን ለቄሱ ወሰዱ፤ ቄሱም ሳይገልጡ ጠበል ረጩበት። ከእመቤታችን ሥዕል ሥር አኑረውት አሥራ አንድ ዓመት ጎረቤት ሁሉ ተሳለመው። በ1671 የእህታቸው ልጅ ቲቤሪዮ በማተሚያ ቤት ፊደል ለቃሚ ሆኖ ማንበብ ቻለ።

«እስቲ የእናቴን ስም አሳየኝ» አሉት።

ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር አገላበጠው፤ የዶን አስካኒዮ ስምና የአንድ መስፍን ውዳሴ ብቻ ነው ያለው። ወይዘሮ ኦርሶላ መጽሐፉን ይዘው ወደ ጌታቸው ሄዱ።

«የአጣቢዎች ስም ማን ያነባል ብለሽ ነው? ሰው የሚፈልገው ተረቱን ነው» አሏቸው ዶን አስካኒዮ።

«እንግዲያው እርስዎ ከማን እንደሰሙት ይናገሩ! ከእናትዎ አይደለም!»

በዚያው ቀን ከሥራ ተባረሩ። መጽሐፉ ግን ተራራ ተሻግሮ ፈረንሳይ ገባ፤ እዚያም ተረቶቹ በፈረንሳይኛ ተጽፈው ዳንቴል ለበሱ። በ1698 ወደ ከተማችን የመጣች አንዲት ፈረንሳዊት አስተማሪ፣ ወይዘሮ ኦርሶላ በወንፊት ውሃ ስለቀዳችው ልጅ ሲተርቱ ሰምታ «ይሄ እኮ የኛ አገር ተረት ነው፤ አንቺ ከየት አመጣሽው?» አለቻቸው። ከዚያ ቀን በኋላ አልተረቱም። ይህ ያናድደናል፤ ዛሬም ያናድደናል።

ባለፈው ክረምት በያዛቸው የሳንባ በሽታ ሲማቅቁ ቆይተው የካቲት 9 ቀን 1702 በሰባ ስምንት ዓመታቸው አረፉ። ከልጃቸው ከካሚላ አራት የልጅ ልጆች አይተዋል። ዶን አስካኒዮ «ለታማኝ አጣቢያችን» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሻማ ልከው ነበር፤ መልሰንላቸዋል።

በመጨረሻ ቀናቸው ቲቤሪዮን ጠርተው «የኔ ቢቀር የእናቴን ስም አትም» አሉት። ይህን ወረቀት ፊደሉን አንድ በአንድ ለቅሞ ያተመው እሱ ነው፤ የሁለቱንም አትሟል። ቀብረን ስንመለስ ልጆቻችንን ሰብስበን የወንፊቷን ተረት እንነግራቸዋለን፤ አጀማመሩም ይህ ነው፦ ከኦርሶላ ሰማሁ፤ ኦርሶላ ከእናቷ ከቪቶሪያ፣ ቪቶሪያ ከአክስቷ ከፋብሪዚያ፣ ፋብሪዚያ ከዓይነ ስውሯ ላውዶሚያ።

የማንንም ስም የማይሰርዝ አምላክ በስማቸው ጠርቶ ይቀበላቸው። አሜን።