ድመቷ የጣለችው ሰደፍ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንዴት ነህ? ያለህበት አይበርድም? እኛ ደህና ነን ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። ደህና መሆናችንን አላውቅም። ሞተር ሳይክልህ ግድቡ ጋ ባለው መታጠፊያ ከተንሸራተተ ዛሬ ሃያ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የተኩስ ክለቡን ሰዎች የጠመንጃ ሰደፍ ሁሉ እየሰበሰብክ የተልባ ዘይት ስትቀባ፣ አባዬ “ይሄ ሽታህ እራታችንን አበላሸው!” እያለ ይጮህብህ አልነበር? አሁን የምትሠራባትን የጓሮዋን ቤት በር ራሱ ከፍቶ ይተወዋል።

የምጽፍልህ ስለ ራስህ ሰደፍ ነው። ከአሮጌው የአየር ጠመንጃ ፈትተህ፣ ያንን ወፍራም ቫርኒሽ ፍቀህ፣ መያዣውን በእጅህ ልክ የቀረጽከው። ሁሉን ጨርሰህ ዘይት ሳታስነካው ሦስት ወር ተቀመጠ። “ለምን አትቀባውም?” ስልህ “የቀረኝ ነገር አለ” ትለኝ ነበር።

በፋሲካ ዕረፍት ከማሰሪያው ሞርሳ ላይ ፈትቼ፣ መስታወት ፊት ተኳሽ ሆኜ ስጫወት ከእጄ አምልጦኝ የጣልኩት እኔ ነኝ። ሲሚንቶው ጠርዝ ላይ አርፎ ጎኑ ተሰረጎደ። ስትጠይቀኝ “ፒክል ትሆናለች” አልኩህ። ሰደፍ የምትጥል ድመት! አንተም ሰደፉን አገላብጠህ አየኸውና “ጎበዝ ድመት ናት፤ ክለብ እናስመዝግባት” አልክ። ያመንከኝ መስሎኝ ነበር።

እሁድ ዕለት ከክለቡ ሽማግሌው ኦልድሮይድ መጡ። ሰደፍህን ዘይት ቀብተው፣ ስምህን ለመታሰቢያ ጽፈው ክለቡ ግድግዳ ላይ ሊሰቅሉት ነው። አባዬ ተስማማ፤ ቅዳሜ ይወስዱታል። ስርጉዷን በአውራ ጣታቸው ዳሰሷትና ሳቁ።

“ወንድምህን ስንቴ ነገርኩት መሰለህ” አሉኝ። “እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርገህ ካውያ አስነካበት፣ እንጨቱ አብጦ ቦታው ይመለሳል፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም አልኩት። እሱ ምን ይለኛል? ‘ተዉት ሚስተር ኦልድሮይድ፣ የድመቷ ሥራ ነው። ድመቷ ራሷ የነገረችኝ ቀን አብረን እናቃናዋለን፤ አስተምራታለሁ።’ ምን ዓይነት ድመት ነው ያላችሁ፣ ልጄ?”

ሻይ ላምጣልዎት ብዬ ወጣሁ።

ለምን አልጠየቅከኝም? ሦስት ወር ሙሉ አንድ ገበታ ላይ ቀርበናል። ስታየኝ እየሳቅክብኝ ነበር ወይስ ተቀይመኸኝ? ፊትህን ላስታውስ እሞክራለሁ፤ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ይመስለኛል። ስርጉዷ ከቀረች ውሸቴ ከስምህ ጋር ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ካቃናኋት ደግሞ ስትጠብቀው የነበረው ነገር ያለ አንተ አለቀ ማለት ነው። የቱ እንደሚሻል የምጠይቀው አንተን ነበር።

ዛሬ እማዬም አባዬም ሥራ ገቡ። እኔ ትምህርት ቤት የምመለሰው ሰኞ ነው። አንተ ከሄድክ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን የሆንኩበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። ካውያውን ይዤ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ሰደፉ ሞርሳው ላይ አንተ እንዳሰርከው አለ። ፊት ለፊቱ ቆሜ ጮክ ብዬ “እኔ ነኝ የጣልኩት” አልኩ። ፒክል ከመስኮቱ ቀና ብላ አየችኝና ተመልሳ ተኛች።

ጨርቁን ነክሬ ጨምቄ አለበስኩት። ካውያው ሲነካው ጭስስ አለ፤ ደንግጬ አነሳሁት። ምንም ለውጥ የለም። ደገምኩት። በአራተኛው ጨርቁን ስገልጥ ስርጉዷ የለችም። በአውራ ጣቴ ፈለግኳት፤ የት እንደነበረች እንኳ ጠፋኝ። እንጨቱ ግን አሁን ገና ሰው ይዞት እንደለቀቀው ሞቆ ነበር። እስኪቀዘቅዝ ድረስ እጄን አላነሳሁም።

ያለህበት ሁሉ ሙቀት አይለይህ።

ታናሽ ወንድምህ፣
ድመቷ