አንድ እሳት፣ አራት ዝርዝር

ይድረስ ለተከበሩት ዋና ፕሮግራመራችን፤ መስኮቱ አጠገብ ለሚቀመጡት፤

እርስዎን ነው ጋሼ፤ ወዲያ ወዲህ አይዩ። ይህን ወረቀት በሩ ላይ የለጠፍኩት ከሁሉም ቀድመው እርስዎ እንዲያነቡት ነው። ለመሆኑ ጤናዎ እንዴት ነው? ወገብዎንስ ተሻለዎት? እኔ ደህና ነኝ። ነጩ ሰሌዳ ላይ በቀይ ማርከር «ችግሩ ያለው ራሱን በራሱ ያስተማረው ሰው የጻፈው ክላስ ውስጥ ነው፤ እስከ ዓርብ ካልተስተካከለ ሥራው ለሌላ ይሰጣል» ብለው ከጻፉልኝ ወዲህ እንቅልፍ አላስቸገረኝም፤ ጭራሹን ትቶኛል።

ስሜን ሳይጠቅሱ ስላለፉኝም አመሰግናለሁ። እዚህ ቢሮ ያለነው አምስት ሰዎች ነን፤ ከአምስታችን ትምህርት ቤት ያላስተማረኝ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ማንም አላወቀኝም።

ቅሬታዬን በቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁ።

1. የምንሠራው የኮምፒውተር ጌም ስለ እሳት አደጋ ሠራተኞች ነው። ኮዱ በየሥራው በክላስ ተከፋፍሏል፦ እሳት የሚያስነሳ ክላስ አለ፤ ውሃ የሚረጭ አለ፣ እሱ የእኔ ነው፤ የሕንፃውን ነዋሪዎች የሚያንቀሳቅስ አለ፤ ካርታ የሚስልም አለ። አራቱም የሚነዱትን እሳቶች ዝርዝር ይፈልጋሉ። እርስዎም «ማንም የማንንም ዝርዝር አይነካም፤ ሁሉም ጨዋታው ሲጀመር የየራሱን ኮፒ ይያዝ» ብለው በደግነት አዘዙን፤ ታዘዝን። እንግዲህ ውሃዬ እሳት ሲያጠፋ እሳቱ ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል፤ ከዝርዝር የሚሰረዘው ግን ከእኔው ላይ ብቻ ነው። ለነዋሪዎቹ ማን ይንገራቸው? በእነሱ ዝርዝር እሳቱ እንደነደደ ነው።

2. ጌሙን የምትሞክርልን እህታችን ሰኞ ዕለት የሦስተኛ ፎቋን አሮጊት ለማዳን ሳሎናቸውን በውሃ አጥለቀለቀችው። እሳት የለ፣ ጭስ የለ፤ አሮጊቷ ግን ሶፋቸው ላይ እንደተቀመጡ ተቃጥለው ሞቱ። «ኧረ እኚህ ሴትዮ በምንድነው የሞቱት?» ስትለኝ፣ «በኮፒ ነው እህቴ» አልኳት።

3. ይህን ሲሰሙ መፍትሔ አላጡም፤ «ሁሉም በየሰከንዱ አዲስ ኮፒ ይውሰድ» አሉ። ኮፒው የሚወሰደው እሳት ከሚያስነሳው ክላስ ነው፤ እሱ ደግሞ ማስነሳቱን እንጂ መጥፋቱን በምን ይወቅ? ስለዚህ አሮጊቷ አሁን በየሰከንዱ ትኩስ በሆነ መረጃ ይቃጠላሉ። ስለ ፍጥነቱ እግዜር ይስጥልን።

ንጹሕ ነኝ አልልም። ከስድስት ወር በፊት አንዱን ዝርዝር ለሁሉም ክፍት አድርጌ የለቀቅኩት እኔ ነኝ። ነዋሪዎቹ እሳቶቹን አንድ በአንድ እያዩ ሳለ ውሃዬ ከመሃል አንዱን ሰረዘባቸውና ጌሙ ድርቅ ብሎ ቆመ፤ ያውም እንግዶች ፊት። ደነገጡ፣ ይህንንም ሕግ አወጡ፤ አልፈርድብዎትም። ግን ሌባ ገባ ተብሎ በር በግንብ ይደፈናል እንዴ ጋሼ?

ዝርዝሩ አንድ ይሁን፤ አንድ ክላስ ብቻ ይጠብቀው። ለሌሎቻችን ኮፒ ማደሉን ትተው ዝርዝሩ ያለበትን አድራሻ ብቻ ይስጡን፤ እናየዋለን፣ አንሰርዝበትም። ውሃዬ እሳት ሲያጠፋ ለጠባቂው ይነግረዋል፤ ጠባቂውም ሁሉም አይቶ እስኪጨርስ ጠብቆ ይሰርዘዋል። ማክሰኞ በምሳ ሰዓት እንዲህ አድርጌ ሞከርኩት፤ አሮጊቷ በገዛ እግራቸው ደረጃውን ወረዱ። ላሳይዎ ስመጣ ግን ስክሪኑን ሳያዩ «ይሄን ደግሞ የትኛው ትምህርት ቤት ነው የሚያስተምረው?» አሉኝ። የትም አይደለም ጋሼ፤ ሴትዮዋ ሲቃጠሉ ቁጭ ብዬ አይቼ ነው የተማርኩት።

ከወንበርዎ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ፣ ትእዛዝዎን ጠብቄ ሰው ያስፈጀሁ፣
አክባሪዎ የውሃው ሠራተኛ

ማስታወሻ፦ የሠራሁት ኮድ የጋራው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጧል። ሐሙስ ጠዋት አምስታችንም ባለንበት ይክፈቱት። ከተሳሳትኩ ስሜን ከነአባቴ ሰሌዳው ላይ ይጻፉት፤ ሥራዬንም ለፈለጉት ይስጡ። ካልተሳሳትኩ ግን ጠጋ ብለው በጆሮዬ «ጎበዝ» እንዳይሉኝ። አሮጊቷን የገደላቸው የማን ትእዛዝ እንደነበር እዚያው ሰሌዳ ላይ፣ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ በእጅዎ ጽፈው ይመልሱልኝ።